የትራክተር እግር፦ ከብረት ወደ ጎማ

በአማርኛ «የብረት ጎማ» ሲባል ጆሮ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል። «ጎማ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙም ከዛፍ ወተት የሚሠራው ላስቲክ ማለት ነው። ላስቲኩ የተሽከርካሪን እግር ጨርሶ ስለወረሰው ዛሬ የመኪናውም የጋሪውም እግር በጅምላ «ጎማ» ይባላል። «መንኮራኩር» የሚለው የጥንቱ ስም ወደ መጻሕፍትና ወደ ጠፈር ተሰዷል።

የእርሻ ትራክተር ግን ሲወለድ ላስቲክ አልነበረውም። እግሩ ብረት ነበር። ከብረት ወደ ጎማ የተሻገረው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ከእግሩ ጋር ብዙ ነገር አብሮ ተቀየረ፤ ገበሬው የሚደርስበት ርቀት፣ የሚታሰርበት ገበያ፣ ጦርነት ሲመጣ የሚገባበት ጭንቅ። አንድ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ ደግሞ ይህን ገና ከሩቅ አይቶ «እኛ ዘንድ አይሆንም» አለ። እስከ ዛሬም አልተበገረም።

ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ አንድ እግሩ ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◾️ ጥርስ ያለው እግር

ትራክተር ለተራው ገበሬ የቀረበው ሄንሪ ፎርድ በ1917 «ፎርድሰን»ን ማምረት ሲጀምር ነው። እስከ 1928 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ፎርድሰኖች ተሠርተዋል። ጆን ዲር በ1923 «ሞዴል ዲ»ን፣ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1924 «ፋርሞል»ን ይዘው ተከተሉ። ሁሉም የቆሙት በብረት እግር ላይ ነበር። የኋላው እግር ሰፊ የብረት ክብ ነው፤ ከመሀሉ የሚወጡ ዘንጎች ይደግፉታል፤ በዙሪያው ደግሞ መሬት የሚነክሱ የብረት ጥርሶች በቡሎን ይታሰሩበታል።

ይህን እግር መናቅ አይገባም። አይፈነዳም። አየር አይፈልግም። እሾህ አይፈራም። ጥርሱ ቢሰበር የመንደሩ ቀጥቃጭ ሌላ ሠርቶ ያስርለታል። ገበሬው አንዴ ከገዛው በኋላ ለእግሩ ሲል ወደ ማንም ደጅ አይሄድም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ትመለሳለች፤ አንባቢ ልብ ይበልልን።

ችግሩም ቀላል አልነበረም። ጥርሱ በእያንዳንዱ ዙር መሬት ውስጥ ገብቶ አፈር እየገለበጠ ይወጣል። ያ ሁሉ ጉልበት ከሞተሩ ይወሰዳል፤ ማረሻው ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። በጠንካራ መሬት ላይ ደግሞ ትራክተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቡሎን ይፈታል፤ የሹፌሩ ወገብ ይሰበራል። ፍጥነቱ በሰዓት አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይቀድመዋል።

ከሁሉ የከፋው ጣጣ ግን መንገድ ላይ ነበር። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ገጠር መንገዶች አስፋልትና ኮንክሪት መልበስ ጀምረዋል። የብረት ጥርስ በአዲሱ መንገድ ላይ ሲያልፍ አርሶት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ በተነጠፈ መንገድ ላይ እንዳይሄድ በሕግ ተከለከለ። ሁለት ማሳ ያለውና መሀሉን አስፋልት የሚያቋርጠው ገበሬ ያለው ምርጫ ወይ ጥርሶቹን መፍታት፣ ወይ በጥርሶቹ ላይ ለስላሳ የብረት ቀለበት ማሰር ነው። መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ መልሶ ይፈታል። ትራክተሩ በአጭሩ የማሳው እስረኛ ነበር። ወደ ገበያ የሚወስደው ፈረስ ወይም መኪና ነው፤ ትራክተሩ ከአጥሩ አይወጣም።

◾️ የብርቱካን ሥር

መፍትሔው የመጣው ከፋብሪካ መሐንዲስ አይደለም። የመጣው ከፍሎሪዳ ብርቱካን አልሚዎች ነው።

የብርቱካን ዛፍ ምግብ የሚለቅሙት ቀጫጭን ሥሮቹ ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቁም። በዛፎቹ መሀል የብረት ጥርስ ያለው ትራክተር ሲመላለስ ሥሩን ይቆራርጠዋል። አረም ለማጥፋት የገባ መሣሪያ ዛፉን ያቆስላል ማለት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ አልሚዎቹ ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፤ የተጣለ የጭነት መኪና ጎማ ፈልገው፣ ጥርሱ በወለቀው የብረት እግር ላይ አለበሱት። አየር የለውም። ዝም ብሎ የላስቲክ ጫማ ነው። ግን ሠራ። ሥሩ ዳነ፤ ትራክተሩም ከተፈራው በላይ መሬቱን ይዞ ተራመደ።

ያረጀ ጎማ ቆርጦ ሌላ ነገር መሥራት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በርባሶ ያደረገ ወይም ሲደረግ ያየ ሰው የፍሎሪዳውን ገበሬ ሐሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። እግር ሲጎዳ ሰው በእጁ ያለውን ያያል፤ በእጁ ያለው አሮጌ ጎማ ነው።

የጎማ ኩባንያዎች ይህን ዘግይተው አዩት። ጉድሪች በ1931 በብረት እግር ላይ የሚለበስ፣ አየር የማይነፋበት የላስቲክ ጎማ ለገበያ አቀረበ። የገበሬው ጥገና የፋብሪካ ዕቃ ሆነ።

◾️ ፋየርስቶን ገበያ ፍለጋ

ከዚህ በኋላ ወደ መድረኩ የሚወጣው ሃርቬይ ፋየርስቶን ነው። በ1868 ኮለምቢያና በተባለች የኦሃዮ ገጠር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሲያድግ በአክረን ከተማ የጎማ ፋብሪካ ከፈተ፤ የሄንሪ ፎርድ ወዳጅና የጎማ አቅራቢም ሆነ። ሀብታም ከሆነ በኋላም የአባቶቹን እርሻ አልተወም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ አሜሪካን መታት። መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ ጎማ የሚገዛም እንዲሁ። በ1925 አንድ ፓውንድ ጥሬ ላስቲክ ከአንድ ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር፤ በ1932 ሦስት ሳንቲም ገደማ ወረደ። ጎማ ሠሪው ያለው አማራጭ እስከዚያ ጎማ ያልነካውን ደንበኛ መፈለግ ነበር። ያ ደንበኛ ገበሬው ነው።

ፋየርስቶን በራሱ እርሻ ላይ ሙከራ አደረገ። የተባበረው ትራክተር ሠሪ አሊስ ቻልመርስ የሚባለው የሚልዋኪ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ የሞከሩት ለአውሮፕላን የተሠራ ትልቅ ጎማ ነበር፤ ምስጢሩም የአየሩ ማነስ ነው። በአንድ ስኩዌር ኢንች 12 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነፉት፤ ለተራ መኪና ከሚነፋው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጎማው ሲለሰልስ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ክብደቱን በሰፊው ያካፍላል፤ አፈሩን ሳይገለብጥ ይይዘዋል። በ1932 አሊስ ቻልመርስ «ሞዴል ዩ» የተባለውን ትራክተር በሚነፋ ጎማ ለገበሬ ማቅረብ ጀመረ።

ገበሬው ግን ተጠራጠረ፤ መጠራጠሩም ልክ ነበር። «የበቆሎ ጉቶ ይበሳዋል»፣ «ጭቃ ላይ ይንሸራተታል»፣ «ላስቲክ እንዴት ማረሻ ይጎትታል?» ይባል ነበር። ገንዘብ በጠፋበት ዘመን ተጨማሪ ክፍያ መጠየቁም ሌላ ራስ ምታት ነው።

አሊስ ቻልመርስ የመረጠው መልስ ቲያትር ነበር። ትራክተሮችን ለእሽቅድምድም አዘጋጅቶ፣ ማርሻቸውን ቀይሮ፣ ታዋቂ የመኪና ተወዳዳሪዎችን ቀጥሮ በየአውራጃው ባዛር ያሽቀዳድማቸው ጀመር። በመስከረም 1933 ባርኒ ኦልድፊልድ የተባለው ዝነኛ ሹፌር ዳላስ ውስጥ በትራክተር ላይ ተቀምጦ በሰዓት 64.28 ማይል፣ ማለትም ከ103 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። ትናንት እግረኛ የሚቀድመው የእርሻ መሣሪያ ማለት ነው። ማንም ገበሬ በዚያ ፍጥነት አያርስም፤ ተመልካቹ ይዞት የሚሄደው ግን «ጎማው ያን ሁሉ ከቻለ ማሳዬን አይችልም ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ባዛሩ ያስደነቀውን ዩኒቨርሲቲ አጸናው። በኔብራስካና በኢሊኖይ በተደረጉ ፍተሻዎች፣ ጎማ ያለው ትራክተር ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ በነዳጅ ረገድ እስከ ሩብ የሚደርስ ቁጠባ እንደሚያሳይ ታየ። በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ ማረስ ተቻለ። መንቀጥቀጡ ሲቀንስ የሞተሩም የሹፌሩም ዕድሜ ረዘመ። በ1935 ጎማ ለብሰው ከሚሸጡ አዲስ ትራክተሮች ቁጥር ይልቅ የብረት እግር ያላቸው ገና በብዙ ይበልጡ ነበር። በ1940 ነገሩ ተገልብጦ፣ ብረት የሚገዛው ጥቂቱ ሆነ።

◾️ ግቢ ውስጥ የተሠራው ቀዶ ጥገና

እስካሁን የተወራው ስለ አዲስ ትራክተር ነው። አዲስ መግዛት የማይችለውስ? በየግቢው የቆሙት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ብረት ለባሾችስ ምን ሆኑ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ በያጁ እጅ ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራክተሩ በጃክ ወይም በግንድ ላይ ይነሣና እግሩ ይወልቃል። የብረቱ ዘንጎች ከውጨኛው ክብ ጋ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በጋዝ እሳት ይቆረጣሉ። ጥርስ ያለው ክብ ተነጥሎ ይወድቃል፤ መሀሉ ከነዘንጎቹ ይቀራል። ከዚያ ለጎማ የሚሆን ቸርኬ መጥቶ በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ይበየዳል። እነ ፍሬንች ኤንድ ሄክትና ኤሌክትሪክ ዊል የተባሉት የመካከለኛው ምዕራብ ኩባንያዎች ለዚህ የሚሆን ቸርኬና ሙሉ እግር ይሸጡ ነበር፤ ብየዳውን ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው የአካባቢው ሰው ነው።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ሦስት ወጥመድ አለው።

አንደኛው ክብነቱ ነው። ዘንጎቹ እኩል ካልተቆረጡ፣ ወይም ብየዳው በአንድ በኩል ስቦ ካጣመመው፣ እግሩ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ ይሄዳል። ስለዚህ ጎበዝ በያጅ መጀመሪያ ቸርኬውን በጥቂት ነጥብ ብቻ ይይዘዋል። እግሩን አክስሉ ላይ መልሶ፣ እያሽከረከረ፣ ከጠመኔ ወይም ከሽቦ ጫፍ ጋር እያስተያየ ያቃናዋል። ሙሉ ብየዳው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱም አንዱን ዘንግ በዚህ፣ ቀጣዩን በፊት ለፊቱ እያሉ ነው፤ ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትተው።

ሁለተኛው ቁመት ነው። አዲሱ ጎማ ከድሮው ብረት ካነሰ ትራክተሩ ይዘገያል፤ ሆዱም ወደ መሬት ይቀርባል። ከበለጠ ደግሞ ይፈጥናል፤ ግን የመጎተት አቅሙ ይቀንሳል። ማርሹ የተቀመረው ለድሮው እግር ነውና መጠኑን አለካክቶ የሚገዛ ሰው ወይ በነዳጅ ወይ በጊርቦክስ ይከፍላል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። የብረት እግር ራሱ ከባድ ነበር፤ ጥርሱም ይነክሳል። ጎማው ቀላል ስለሆነ ማረሻው ሲከብድ በቦታው ይሽከረከራል። መፍትሔው ሁለት ሆነ። አንዱ በእግሩ ላይ በቡሎን የሚታሰር ከባድ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው። ሁለተኛው ጎማው ውስጥ ውኃ መሙላት ነው። ውኃው በክረምት በረዶ እንዳይሆን ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይበጠበጥበታል። ጨው ግን ጨው ነው፤ ቀስ በቀስ እያንጠባጠበ ቸርኬውን ይበላል። ዛሬ የድሮ ትራክተር የሚያድስ ሰው ጎማውን ሲያወልቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የበሰበሰ ቸርኬ የዚያ ጨው ሥራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ አደጋ ነበር፤ ፍሬን። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ለሚራመድ መሣሪያ ፍሬን ብዙም አያሳስብም፤ የነበረውም ደካማ ነው። ያ መሣሪያ ጎማ ለብሶ ጋሪ እየጎተተ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። እግሩ ተቀይሮ ልቡ ያልተቀየረ ማሽን ማለት ነው።

ሆኖም ገበሬው ቀየረ። አስፋልቱን ያለ ፍርሃት ተሻገረ። እህሉን በራሱ ትራክተር ወደ ባቡር ጣቢያ ወሰደ፤ የጎረቤቱን ማሳ በክፍያ አረሰ። ትራክተሩ ከማሳው እስር ተፈታ፤ ከፈረሱ እጅ ከቀሩት ሥራዎች አንዱን፣ መንገዱንም ወሰደ።

◾️ የዛፉ ወተት ከየት መጣ?

እስቲ አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። ላስቲክ ኦሃዮ ውስጥ አይበቅልም።

የላስቲክ ዛፍ ሞቃትና ዝናባማ አገር ይፈልጋል። በዚያ ዘመን የዓለም ላስቲክ በአብዛኛው የሚመጣው እንግሊዝና ሆላንድ ከሚገዟቸው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቅኝ ግዛቶች ነበር። እንግሊዝ በ1922 ዋጋ ለማስወደድ የላስቲክ ምርት ላይ ገደብ ስታበጅ ፋየርስቶን የራሱን ምንጭ ፍለጋ ወጣ። ያገኘው ላይቤሪያ ውስጥ ነው።

በ1926 በተፈረመው ስምምነት ኩባንያው እስከ አንድ ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 400 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ለ99 ዓመት መከራየት ተፈቀደለት። ኪራዩ በኤከር በዓመት ስድስት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ ላይቤሪያ የአምስት ሚሊዮን ዶላር ብድር ወሰደች፤ ከብድሩም ጋር የአገሪቱን ገቢ የሚቆጣጠሩ አሜሪካውያን መጡ። የእርሻው ማዕከል «ሃርበል» ተባለ፤ ሃርቬይና አይዳቤል ከሚሉት የባልና የሚስት ስሞች የተገጣጠመ ነው።

በ1930 የመንግሥታት ማኅበር የላከው መርማሪ ቡድን ላይቤሪያ ውስጥ ሰዎች በግዳጅ ለሥራ እንደሚታፈሱ አረጋገጠ። የሪፖርቱ ዋና ጉዳይ ወደ ስፔኗ ፈርናንዶ ፖ ደሴት የሚጫኑት ሠራተኞች ነበሩ፤ ኩባንያው ራሱ አውቆ በግዳጅ ያሠራ ነበር አላለም። ፕሬዝዳንቱ ቻርልስ ኪንግ ግን በዚያው ዓመት ሥልጣን ለቀቁ። ያኔ በማኅበሩ ውስጥ ከላይቤሪያ ሌላ የምትቀመጥ ነፃ ጥቁር አፍሪካዊት አገር በ1923 የገባችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። የላይቤሪያ ችግር አዲስ አበባ ላይም ጥላ ማጥላቱ አልቀረም፤ የባርነት ክስ በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያም ዱላ ሆኗልና።

የላስቲክ ዛፍ ከተተከለ በኋላ ወተት ለመስጠት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የተተከለው ዛፍ ለመድማት የደረሰው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ልክ ጎማው ወደ ማሳው በሚገባበት ሰዓት። የአዮዋ ገበሬ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የማወቅ ግዴታም አልነበረበትም። የብረት እግር በነበረው ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ሩቅ አገር ከማሳው ጋር አያገናኘውም ነበር። ከመንደሩ ቀጥቃጭ ተላቆ ከውቅያኖስ ማዶ ካለ ዛፍ ጋር ታሰረ።

◾️ ገመዱ ሲሳብ

ያ ገመድ መኖሩ የታወቀው በ1942 ነው።

ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በየካቲት 1942 ሲንጋፖር ወደቀች፤ የሆላንድ ኢስት ኢንዲስም ተከተለች። አሜሪካ ከምታስገባው የተፈጥሮ ላስቲክ ዘጠና በመቶ ገደማው በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጇ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በራሽን የታደለው ዕቃ ሥጋ አይደለም፤ ስኳርም አይደለም። ጎማ ነው፤ ያውም በጥር 1942። የቤንዚን ራሽን እንኳ በመላ አገሪቱ ሲታወጅ ዋናው ምክንያት ቤንዚን መጥፋቱ ሳይሆን መኪኖች ጎማቸውን እንዳይጨርሱ ነበር። የመኪና ፍጥነትም በዚሁ ምክንያት በሰዓት በ35 ማይል ተገደበ።

ትራክተር ፋብሪካዎችም ወደ ብረት እግር ተመለሱ። «ያለፈበት» የተባለው ጥርሳም ክብ እንደገና ከፋብሪካ ወጣ። ጎማ የነበረው ገበሬም ቢፈነዳበት የሚተካው በቀላሉ አያገኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ ይኸው ነው፤ በ1930ዎቹ ተቆርጠው ከግቢው ጥግ የተጣሉት የብረት ክቦች ብዙዎቹ ለጦር መሣሪያ ማምረቻ ብረት ሲሰበሰብ ተጭነው ሄደዋል። መመለሻው ድልድይ ቀልጦ ታንክ ሆነ።

አሜሪካ ከዚህ የወጣችው በሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ፋብሪካዎች ከፔትሮሊየምና ከአልኮል ላስቲክ ማምረት ጀመሩ። ከጦርነቱ በፊት ከቁጥር የማይገባው ምርት በ1945 በዓመት ከ700 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ። ሃርበልም በዚያ ጊዜ ለአሜሪካና ለወዳጆቿ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ላስቲክ ምንጮች አንዱ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ በጦርነቱ ዓመታት ብረት ለብሰው የወጡት ትራክተሮች ወደ በያጁ ግቢ ተሰለፉ፤ ያ ቀዶ ጥገና ሁለተኛ ዙር ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የብረት እግር ከተራው እርሻ ጠፋ፤ በእስያ የሩዝ ማሳዎች ጭቃ ውስጥ የሚገባው እንደ ቅርጫት ያለ የብረት እግር ብቻ እስከ ዛሬ ሥራ አላጣም።

◾️ «አይሆንም» ያሉት

ብረቱ አልጠፋም የሚባልበት ሌላም ቦታ አለ።

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዌንገር ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች አሉ። በ1927 ከወንድሞቻቸው የተለዩት በመኪና ጉዳይ ነው፤ ሌሎቹ መኪናን ሲፈቅዱ እነሱ በፈረስ ጋሪ ጸኑ። ትራክተርን ግን አልከለከሉም፤ ያርሱበታል። አንድ ግዴታ አለ፤ እግሩ ብረት ይሁን።

ከሩቅ ሲታይ ግራ ያጋባል። ሞተሩን ተቀብሎ ጎማውን መከልከል ምን ማለት ነው? አመክንዮው ግን ጥርት ያለ ነው። ጎማ ያለው ትራክተር ወደ ከተማ ይሄዳል። ትናንት እህል ለማድረስ፣ ዛሬ ዕቃ ለመግዛት፣ ነገ ለጉብኝት። ትራክተሩ መኪና ይሆናል። መኪና ከሆነ ደግሞ ልጆች ይርቃሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት መተያየቱ ይላላል፤ በፈረስ ጉዞ ልክ የተሠራው ኑሮ ይፈርሳል። የፋየርስቶን ሻጮች እንደ በረከት የዘመሩለትን ያንኑ ነገር፣ ትራክተሩን ከማሳ ማስወጣቱን፣ እነሱ እንደ አደጋ አዩት። ሁለቱም ወገኖች ስለ ጎማው የተናገሩት እውነት ነበር። የተለያዩት በፍርዱ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። አዮዋ ውስጥ የሚቸል አውራጃ በ2009 የብረት ጥርስ ያላቸው ተሽከርካሪዎች በተነጠፈ መንገድ ላይ እንዳይሄዱ ደንብ አወጣ። ምክንያቱ የ1920ዎቹ ነው፤ መንገዱ ይጎዳል። በደንቡ የተከሰሰ የማኅበረሰቡ አባል ተከራክሮ እስከ አዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ2012 ለአባሉ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በረዶ መቆንጠጫ ያለው ጎማ እንዲጠቀሙ ተፈቅዶ፣ ለእምነቱ ሲል ብረት የሚጠቀመው ብቻ መከልከሉ ልክ አይደለም የሚል ነበር። ዘጠና ዓመት ያስቆጠረው የብረትና የአስፋልት ጠብ እንዲህ አድርጎ የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄ ሆነ።

◾️ ከዚህ ምን ይወሰዳል?

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የጥንት ትራክተር ሰብሳቢዎች የሚያደርጉት ነገር የታሪኩ ተገላቢጦሽ ነው። ያልተቆረጠ የብረት እግር ያለው ትራክተር ይፈለጋል፤ አንዳንዱ አያቱ ያስበየዱትን ጎማ አውልቆ ብረት ፍለጋ ይዞራል። አያትየው ግን አልተሳሳቱም። ለእሳቸው ትራክተሩ ቅርስ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር። ወገባቸውን አሳረፉ፤ ነዳጅ ቆጠቡ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማሳቸውን አገኙ። ይህን ከሩቅ ሆኖ መንቀፍ ያልታረሰበትን ወገብ መመጻደቅ ነው።

ጥያቄው ጎማው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ከሆነ መልሱ ያለቀ ነው፤ ጎማው ያርሳል፣ ያውም ከብረቱ በተሻለ። ታሪኩ የሚያስተምረው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። አንድ መሣሪያ ወዴት ያደርሳል? ከማንስ ጋር ያስራል? ሻጩ የመጀመሪያውን ይናገራል። ሁለተኛውን የአሜሪካ ገበሬ የተማረው ሲንጋፖር ስትወድቅ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያም የሩቅ ወሬ አይደለም። በአርሲና በባሌ የትራክተርና የኮምባይነር ኪራይ የሚሠራው ማሽኑ ከቀበሌ ቀበሌ በመንገድ ላይ መሄድ ስለሚችል ነው፤ ብረት እግር ቢሆን ኖሮ ኪራይ የሚባል ሥራ አይታሰብም ነበር። ትራክተር የሌለው ገበሬ በትራክተር ማሳረስ የቻለው በጎማው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያው ጎማ ግን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ዝናብ ደርሶ፣ መሬቱ ለስልሶ፣ ማሽኑ በጎማ እጥረት የቆመ እንደሆነ፣ የማሳው ጌታ ገበሬው ነው ወይስ ጎማ አስመጪው?

ሜኖናይቶቹን መምሰል አይጠበቅብንም። ጎማውን ከመግጠማቸው በፊት ቆም ብለው የጠየቁትን መጠየቅ ግን ማንም አይከለክልም። የሚበየደው ቸርኬ በደንብ ክብ መሆኑን ለማየት ጎበዝ በያጅ እንኳ ከሙሉ ብየዳው በፊት አንዴ አሽከርክሮ ያየዋል። አንዴ ከተበየደ በኋላ ማቃናት ከባድ ነውና።